ማለፊያ

ፊርሚን፣ ባሌ፣ ካርድ ገዛ፤ ሁለት ማለፊያ፣
የአርባ ስምንት ሰዓት፣ የጌንት መግቢያ፤
ግንብና ቤተ መዘክር፣ ጀልባና ትራም፣
አንዴ ከፍሎ ገብቶ ሁሉን መቃረም።
አርባ ዓመት በወደብ ሒሳብ የሠራ ሰው፣
ጡረታ ቢወጣም ቁጥር መች ለቀቀው!
«ሰባት በር ከገባን ወጪያችን ተመለሰ፤
ስምንተኛው ትርፍ ነው» አለና ገሠገሠ።
እኔ ጎደሊቭ ነኝ፤
የጎደለ ሒሳብ እሱን ሲያባንነው፣ እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከተማ አላየን፤
በርና በር ብቻ፣ በር ላይም ትንሽ ሳጥን፣
ካርድ ሲያስጠጉላት ጢጥ የምትል፣ ባለ አረንጓዴ ዓይን።
ጢጥ! የመሳፍንት ግንብ፤ ጥሩርና ጎራዴ፤
«ይኼ አሥራ ሦስት ዩሮ» አለኝ፣ ግድግዳውን ሳይነካ አንዴ።
ጢጥ! የሥዕል አዳራሽ፤ የተቀባች ሴት
ምሥጢር ልትነግረኝ ስትል ክንዴን ሳበው፦ «ሰዓት!»
ጢጥ! ጀልባ። ወንዙ ላይ አርባ ደቂቃ
እግሬ አረፈ፤ ዓይኔ ገና ያን ጊዜ ነቃ፤
እሱ ግን ይደምራል፣ አንገቱን ደፍቶ፣
የቤቶቹ መልክ ከውሃው ዘልሎ
ደብተሩ ላይ ፈስሶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ጠፍቶ።

«በእግር ታልቃለች» ይላል፣ ከተማዋን፣ ካርታው፤
እግሬ ነው ያለቀው፤ ከተማዋማ እዚያው።

በማግስቱ ጉልበቴ አድማ መታ።
ወንዙ ዳር ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ፣ በእርጋታ፦
«አንተ ማማው ላይ ውጣ፤ እኔ እዚህ ልሁን።»
«አሥራ አንድ ዩሮ እኮ ነው!» አለኝ፣
ቀብሮ የመጣ ሰው መስሎ፣ አጥቁሮ ፊቱን።
ሄደ፤ ቁጥር እያላመጠ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት መስኮት ትወለውላለች፤
ቀይ ሻርፕ፣ የሳሙና ባልዲ፤ ጉልሴረን ትባላለች።
አባቷ ለሽመና ፋብሪካ ከቱርክ የመጣ፣
እሷ እዚሁ የተወለደች፣ ከማማው ጥላ ሳትወጣ።
«ከላይ ምን ይታያል?» አልኳት። ሳቀች።
«ምኑን አውቄው!» አለች።
«ደወሉ ቀስቅሶኝ፣ ደወሉ አስተኝቶኝ፣ ሃምሳ ዓመት ኖርኩ፤
እግሩ ሥር ነኝ ብዬ፣ ነገ ይደርሳል እያልኩ።»

ካርዴን ከአንገቴ አወለቅኩ። «ስም የለውም፤ ቁጥር ነው።
ሂጂ፤ እኔ አለሁ፣ ባልዲሽን ማንም አይነካው።»
በር ጠባቂው፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ የጎረቤቷ ልጅ ነው፤
ሻርፗን አየ፤ ሳጥኗ ጢጥ ስትል ግን
የጫማውን ክር ነበር የሚያየው።

እኔ አፍንጫ የሚመስል ሐምራዊ ከረሜላ
ከጋሪ ገዝቼ፣ አንዱን ስጨርስ ሌላ፣
ቀና ብል፣ ከወርቁ ዘንዶ ሥር ቀይ ነገር ተውለበለበ።
ባልዲውን አነሣሁላት፤ ቀሚሴ በሳሙና ታጠበ።

ፊርሚን የካርዴን ቁጥር በቃሉ ያውቃል፤
በማያውቃት ሴት አንገት ሲያየው ምን ይላል?
አልጠየቅኩም። ብቻ ሲወርዱ አብረው ነበር፤
እርሳሱ ከጆሮው የለም፤
እሱ ነው የሚያወራው፣ ያውም ያለ ቁጥር፦
«ከቀዩ ጣሪያ ላይ እናቷ ርግብ ያረባሉ!
ያ ረጅም ጭስ ማውጫ፣ አባቷ የሸመኑበት ነው አሉ!»
«መግቢያው ስንት ነበር?» አልኩት፣ ልነካካው።
«የምኑ?» አለኝ፤ የምሩን ነው።

ማታ ትራም ላይ የሳጥኗ ዓይን ቀላ፤
አራት ደቂቃ አልፏል። ቲኬት አልገዛም ሌላ፤
«በእግር» አለ ፊርሚን፣ ክንዱን ሰጥቶ።

ባቡሩ ውስጥ ሲያንኮራፋ፣ ደብተሩን አየሁት ተከፍቶ፦
ሰባት በር፣ ሰባት መስመር። በስድስቱ ፊት ዋጋ አለ፤
በሰባተኛው፣ «ማማ፣ ጎደሊቭ» ካለ
በኋላ፣ ዋጋው ሊጻፍ በሚገባው ቦታ፣
«ማለፊያ» ይላል፤ ሌላ የለውም።

ጉልበቴን ዛሬም ያመኛል፣ በተለይ ማታ ማታ።